ጩቤው የኮማንዶ ነው ወይስ የሱቅ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አሮጌ ወታደራዊ ዕቃ ትንሽ ነገር ጣል አድርጌ ነበር፣ ከዛ ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ በአብዛኛው ስለ እንግሊዝ ኮማንዶና ልዩ ኃይል ዕቃ ሆነ። መጀመሪያ ገረመኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ይሄን የሚሰበስብ አለ እንዴ አልኩ፣ ሳስበው ግን ልጆቻችንን ዊንጌትና ሳንፎርድ እያልን ትምህርት ቤት ስንልክ የኖርን ሰዎች ነን፣ ሁለቱም ስሞች እኮ ጎጃም ላይ ከአርበኞቻችን ጋር ሆነው ጣልያንን ከወጉ የእንግሊዝ መኮንኖች ጋር የተያያዙ ናቸው። አምስት ጥያቄ መርጫለሁ፣ ስም ትቼ ሰፈር ብቻ ጽፌያለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው፣ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ከፒያሳ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች በአንዱ ጥቁር ባለ ሁለት ስለት ጩቤ አየሁ። ሻጩ ኤስ ኤ ኤስ የሚባለው የእንግሊዝ ልዩ ኃይል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጩቤ ነው፣ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ጥሎት የሄደው ነው ይላል። ምላጩ ላይ ክንፍ ያለው ጩቤ ተስሏል። ልግዛው?

ምስል ያለበትን ተወው ወንድሜ። ባለ ክንፉ ጩቤ የኤስ ኤ ኤስ ዓርማ መሆኑ እውነት ነው፣ ክፍሉን ዴቪድ ስተርሊንግ በ1941 ሐምሌ ላይ ግብጽ ውስጥ ነው ያቋቋመው፣ ግን ዓርማው ቦኔት ላይ የሚሰፋ የጨርቅ ባጅ ነው፣ ለውጊያ የሚታደል ጩቤ ላይ ማን ቁጭ ብሎ ስዕል ይስላል። ምላጩ ላይ ዓርማ፣ መፈክር፣ ዓመተ ምህረት ምናምን ካየህ ለማስታወሻ ተብሎ ኋላ የተሰራ ነው። ግድግዳ ላይ ያምር ይሆናል፣ የጦርነት ዕቃ ዋጋ ግን አትክፈልበት።

ትክክለኛው ጩቤ ፌርበርን ሳይክስ ይባላል። ዊሊያም ፌርበርንና ኤሪክ ሳይክስ ሻንጋይ ፖሊስ ውስጥ አብረው የሰሩ ሰዎች ናቸው፣ እዛ ሰፈር ለሰፈር ከወሮበላ ጋር ሲናጩ ያዩትን ይዘው መጥተው ስኮትላንድ ውስጥ ኮማንዶ አሰለጠኑበት፣ ጩቤውንም መጀመሪያ ያመረተው ዊልኪንሰን ሶርድ የሚባለው የለንደን ሰይፍ ሰሪ ነው። ሰብሳቢዎች በሶስት ፓተርን ይለዩታል። የ1941 መጀመሪያው፣ እጀታውና ምላጩ መሃል ያለችው አግዳሚ ብረት እንደ ላቲኑ ኤስ ፊደል የተጣመመች ናት፣ ምላጩም ከእጀታው ሲነሳ ስለት የሌለው ጠፍጣፋ ቦታ አለው፣ እሱ ዛሬ በሺዎች ፓውንድ ስለሚሸጥ ቸርችል ላይ ከአገልግልና ከጎራዴ ጎን ተሰቅሎ አታገኘውም። የ1942ቱ አግዳሚዋ ቀጥ ብላለች፣ ጠፍጣፋው ቦታም የለም፣ እጀታው ግን አሁንም በጥቃቅን መስመር የተፈለፈለ ነው። ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ የመጣው ሶስተኛው እጀታው ቀልጦ የፈሰሰ ቅይጥ ብረት ሆኖ ዙሪያውን ቀለበት ቀለበት አለው። በብዛት የተመረተው እሱ ነው፣ እስከ ዛሬም ለገበያ የሚሰራው እሱ ነው፣ ስለዚህ ሽወዳውም እዛው ላይ ነው የሚበዛው፣ አንተ ያየኸውም ቀለበት ያለው ሳይሆን አይቀርም።

ድጋሚ ብትሄድ ሰገባውን አስወጣና እየው። ኦርጅናሉ የቆዳ ሰገባ በግራና በቀኝ ጆሮ የመሰሉ ቁራጭ ቆዳዎች አሉት፣ ሱሪ ላይ እንዲሰፋ ነው፣ እጀታዋን የምትይዝ ላስቲክም አለችው። ምላጩ ላይ ሼፊልድ የሚል የእንግሊዝ ቢላ ሰሪዎች ከተማ ስምና የአገሩ ስም ደምቆ ከተጻፈ ለሲቪል ገበያ የወጣ ነው ብለህ ጀምር። ስለ መኮንኑ ተረት ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፣ የትኛው መኮንን? ስም ከሌለ፣ ደብዳቤ ከሌለ፣ ፎቶ ከሌለ የምትከፍለው ለብረቱ ብቻ ነው። እና ገዝተህ ከሆነም በቦርሳህ ይዘኸው አትዙር፣ በየህንጻው በር ፍተሻ ባለበት ከተማ ለጥበቃው ስለ ሻንጋይ ፖሊስ ልታስረዳ ነው እንዴ።

ከአራት ኪሎ፦ አያቴ ጎጃም ውስጥ አርበኛ ነበሩ፣ ከዊንጌት ጋር ተዋግተዋል ሲባል ነው ያደግነው። ሳጥናቸው ውስጥ የቀስት ጫፍ የሚመስል ማህተም ያለበት የሸራ ቦርሳ፣ ኮከብ ሜዳሊያ፣ አንድ ፎቶ፣ በእንግሊዝኛ የተተየበ የተቀዳደደ ወረቀትና ጥቂት ጠገራ ብር አገኘን። አንድ ሰው ሜዳሊያውንና ቦርሳውን ልግዛ፣ ወረቀቱን ግን አልፈልግም እያለ ነው። እናቴ ደግሞ ሜዳሊያውን በብራሶ ልወልውለው ትላለች።

እህቴ መጀመሪያ እናትሽን አስቁሚያቸው። በአክብሮት፣ ግን ዛሬውኑ። ያ ጠቆር ያለው የላዩ ቀለም በሰባና ሰማንያ ዓመት የመጣ ነው፣ በብራሶ ሲሄድ ፊደሉንም እየበላ ነው የሚሄደው፣ ሰብሳቢ ደግሞ የተወለወለ ሜዳሊያ ሲያይ ፊቱ ነው የሚጠቁረው። ሪባኑንም አትጠቡት፣ ቦርሳውንም አትጠቡት።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ወረቀቱን አልፈልግም ያለ ገዢ ወይ ስራውን አያውቀውም ወይ ደግሞ እናንተ ዋጋውን እንዳትነቁበት ነው፣ በሁለቱም በኩል አትሽጡለት። ምክንያቱን ላስረዳሽ። ኮከቡ ባለ ስድስት ጫፍ ሆኖ መሃሉ ላይ ዘውድና የንጉስ ጆርጅ ስድስተኛ ፊደላት ካሉ፣ ሪባኑ አሸዋማ ሆኖ መሃሉ ላይ ወፍራም ቀይ፣ ከቀዩ በአንድ ጎን ጥቁር ሰማያዊ በሌላው ፈዛዛ ሰማያዊ ቀጭን መስመር ካለው አፍሪካ ስታር የሚሉት ነው። አሸዋው በረሃው ነው፣ ቀዩ ምድር ጦር፣ ሁለቱ ሰማያዊ ባህር ኃይልና አየር ኃይል። ሰሜን አፍሪካ ብቻ ሳይሆን እኛ አገር ለተዋጉም ተሰጥቷል። እንግሊዞች የዚያን ጦርነት ኮከቦች ለራሳቸው ጦር ሲሰጡ የባለቤቱን ስም አይቀርጹበትም ነበር፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያና ህንድ ናቸው የሚቀርጹት። ስለዚህ ጀርባውን ገልብጪና እዪ። ስም ከሌለበት ኮከቡ ለብቻው የማንም ኮከብ ነው፣ ለንደን ሄደሽ በጣም ብዙ ታገኚያለሽ። ከዚህም ሌላ ሜዳሊያው የብሪታኒያና የኮመንዌልዝ ጦር አባላት ነው፣ አያትሽ እጅ በምን መንገድ እንደገባ የሚናገረው ያ የተቀዳደደ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ጽሁፉ በአማርኛ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ጃንሆይ ከድል በኋላ ለአርበኞች የሰጡት ሊሆን ይችላል፣ ለእኔ ከአፍሪካ ስታርም ይበልጣል።

ቦርሳው ላይ ያለው ቀስት የእንግሊዝ መንግስት ንብረት ምልክት ነው፣ ከሱሪ እስከ መዶሻ ሁሉ ላይ ይመቱታል። አጠገቡ ያለውን ፊደል በማጉያ መነጽር እዪው። ቀስቱ በዩ ፊደል ውስጥ ከሆነ ደቡብ አፍሪካ የተሰራ ነው፣ በሲ ውስጥ ከሆነ ካናዳ፣ ከስሩ አይ ካለ ህንድ። ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ከተጋጠሙ ደግሞ መንግስት ከአገልግሎት አውጥቶ የሸጠው ነው። ይሄ ለኛ ከተማ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም በ1941 ሚያዝያ 6 ቀን፣ በእኛ መጋቢት 28 1933፣ አዲስ አበባ የገባው ከኬንያ በኩል የመጣው ጦር ነው፣ ደቡብ አፍሪካውያን ብዙ ነበሩበት። ዊንጌትና ጃንሆይ ደግሞ ከሱዳን ተነስተው በጎጃም ነው የመጡት። የዩ ፊደል ያለበት ቦርሳ የጎጃም አርበኛ ሳጥን ውስጥ ከተገኘ ከአዲስ አበባ የተገዛ ወይም የተለዋወጡት ሊሆን ይችላል፣ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፣ መንገዱ ሌላ ነው ማለቴ ነው። ቦርሳው ላይ የተመታውን ዓመትም እዪ። 1944 ካለ ከዊንጌት ጋር አልመጣም፣ አለቀ። የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ከ1942 እስከ 1951 ድረስ እዚህ ተቀምጦ ሰራዊታችንን ሲያሰለጥን ስለነበረ እንዲህ ዓይነት ሸራ ቀበቶና ቦርሳ በብዛት ገብቷል፣ አዲስ አበባ ውስጥ የእንግሊዝ ኮማንዶ ዕቃ እየተባለ የሚዞረው አብዛኛው ከዛ የተረፈ ተራ የምድር ጦር ዕቃ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ልዩ ኃይል ነበሩ ወይ ለሚለው፣ በዛሬው አባባል አዎ። ኮሎኔል ሳንፎርድ ሚሽን 101 የሚባለውን ቡድን ይዞ በ1940 ነሐሴ ጎጃም ገባ፣ አርበኞችን እያገናኘ ጠገራ ብርና ጠመንጃ ሲያድል ነበር፣ ጃንሆይ በእኛ በ1933 ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ፣ ከዛ ዊንጌት የጌዴዎን ጦር ብሎ በሰየመው ጥቂት ሰው በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን ጣልያን ከቡሬ ደብረ ማርቆስ እያሳደደ ወሰደው። ዕቃውን የተሸከሙት ከሱዳን የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች ናቸው፣ ደጋው ላይ አብዛኞቹ አለቁ። ከመኮንኖቹ አንዱ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል፣ በ1910 እዚሁ አዲስ አበባ እንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ውስጥ የተወለደ ሰው ነው፣ የሸገር ልጅ በሉት፣ ጎጃም ተዋግቶ ኒሻን አገኘና በኋላ ሰሜን አፍሪካ ኤስ ኤ ኤስ ውስጥ ገባ። ስለዚህ የውጭ ሰብሳቢ ለጌዴዎን ጦር ዕቃ ቀልቡ ይሄዳል፣ ግን ልብ በይ፣ ቦርሳው ራሱ ማንኛውም የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ዓይነት ነው፣ የጌዴዎን የሚያደርገው የአያትሽ ስም ያለበት ወረቀትና ፎቶው ብቻ ነው። ሰውየው የተዋችሁ ዋናውን ነው።

እንግዲህ ይሄን አድርጊ። ሳጥኑ ውስጥ የነበረውን ሁሉ እንደነበረ አንድ ላይ ፎቶ አንሺ፣ ወረቀቱን ሳትዘረጊው ስካን የሚያደርግ ሰው ፈልጊ፣ በስኮች እንዳትለጥፉት። ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፉትን አስቀምጠሽ ፎቶው ላይ ያለው ማን ነው፣ የት ነው፣ ቦርሳው መቼ መጣ እያልሽ በስልክሽ ድምጻቸውን ቅጂ፣ እሱ ነገ አይገኝም። ጠገራው ላይ 1780 የሚል ቁጥር አይተሽ እንዳትደነግጪ፣ ሁሉም ላይ ያው ነው፣ ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ ለንደንና ቦምቤይ ጭምር ሲመቱት ኖረዋል። ሳጥኑ ስር ጥይት ወይም ጠመንጃ ካለ ግን የማስታወሻ ዕቃ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፣ የጦር መሳሪያ አዋጁ 1177/2012 (ዓመቱ በእኛ ነው) ይመለከታችኋል፣ ፖሊስ ጋር ሂዱ። ወደ ውጭ ልላከው የሚል ገዢ ከመጣም የቅርስ አዋጁ 209/1992 (ይሄም በእኛ) አለ፣ መጀመሪያ ቅርስ ባለስልጣን ይየው።

ከካዛንቺስ፦ ለንደን ያለው ወንድሜ ዴኒሰን የሚባለውን የፓራሹት ጃኬት አግኝቶልኛል፣ ከኤስ ኤ ኤስ ጋዝ ማስክ ጋር ሊልክልኝ ነው። ኦርጅናል መሆኑን በምን ይወቅ? ለብሼው ብወጣስ?

ለብሰኸው አትውጣ። የወታደር ልብስ ለብሶ ፒያሳ ቡና መጠጣት ፋሽን የሆነበት አገር አለ፣ የእኛ ግን አይደለም፣ የማን መለዮ ነው ብሎ የሚያስቆምህ ሰው የዴኒሰንን ታሪክ ለመስማት ጊዜ የለውም። መላኩንም ቢሆን ወንድምህ ፖስታ ቤት ከመሄዱ በፊት አንተ ጉምሩክ ጠይቅ፣ ካሞፍላጅና ጋዝ ማስክ ያለበት ካርቶን ሲከፈት ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም፣ እቃው እዛ ተይዞ ክረምቱን ከሚያሳልፍ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ወንድምህ ግን ይሄን ይይ። የጦርነቱ ጊዜ ዴኒሰን እስከ ደረት ብቻ የሚከፈት የብረት ዚፕ አለው፣ በጭንቅላት ነው የሚጠለቀው፣ ከኋላ በእግር መሃል አልፎ ፊት ላይ የሚቆለፍ ጭራ የመሰለ ጨርቅ አለው፣ በፓራሹት ሲወርዱ ጃኬቱ ሽቅብ እንዳይገለበጥ ነው። ካሞፍላጁ መጀመሪያ ላይ በሰፊ ብሩሽ በእጅ የተቀባ ስለነበረ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ ፎርጅዱ ግን ብዙ ጊዜ ህትመት ስለሆነ አንድ ቅርጽ እየተደጋገመ ይመጣል። ውስጡ ላይ ያለውን ምልክት ጨርቅ ያንብብ፣ 1944 ነው እያሉት መሃሉ ላይ 99 ያለበት አስራ ሶስት አሃዝ ቁጥር ካለ ሳቅ ብሎ ይመለስ፣ ያ የኔቶ ዕቃ መለያ ነው፣ 99 የብሪታኒያ ኮድ፣ ኔቶ ራሱ የተመሰረተው በ1949 ነው። አንድ የላላ ክር ካገኘ ቆርጦ ያቃጥለው፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጠር ይሆናል። ሰማያዊ የምታበራውን የብር መፈተሻ መብራትም ይጠቀማሉ፣ አዲስ ክር ያበራል፣ ግን እሷ ብቻዋን አታሳምንም፣ ኦርጅናሉም በኦሞ ታጥቦ ከሆነ ያበራል።

ጋዝ ማስኩን በተመለከተ፣ ሁሉም ሰው ያን ጥቁር መልክ የሚፈልገው በ1980 ግንቦት 5 ቀን ኤስ ኤ ኤስ ለንደን የኢራን ኤምባሲን ሰብሮ ሲገባ በቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ ነው፣ ከዛ በፊት ብዙ ሰው መኖራቸውንም አያውቅም ነበር። በነገራችን ላይ ቀኑ ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡበት የእኛ ሚያዝያ 27 ነው፣ ገጠመኝ ነው ግን ይገርማል። ያኔ የለበሱት ማስክ ለብዙ ወታደር የታደለ ተራ ሞዴል ነው፣ ስለዚህ ማስኩ ኦርጅናል ነው ማለት የኤስ ኤ ኤስ ነው ማለት አይደለም። በሁለተኛው ጦርነት ዘመን የነበሩትን ደግሞ ፊታችሁ ላይ አታድርጉ፣ ማጣሪያቸው ውስጥ አስቤስቶስ አለ። ልጆች ለጨዋታ እንዳያነሱት።

ከለገሃር፦ ጡረተኛ ነኝ። ከአባቴ የወረስኩት ጥቁር ፊት ያለው ወታደራዊ ሰዓት አለኝ፣ ጀርባው ላይ ቀስትና ሶስት ደብሊው ፊደል አለው። የኮማንዶ ነው ብለውኛል። ቁጥሩ ማብራት ስላቆመ ሰዓት ጠጋኝ ፍቆ በአዲስ ይቀባልኝ ብዬ አስቤ ነበር።

አባባ፣ እንዳያስፍቁት። በዚያ ዘመን ቁጥሩን የሚያበራው ራዲየም ነው። መብራቱ የጠፋው ከራዲየሙ ጋር የተቀላቀለው ዱቄት ስለተቃጠለ እንጂ ራዲየሙ ስላለቀ አይደለም፣ እሱ ግማሹ ለመጥፋት 1600 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። መስታወቱ እንደተዘጋ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል፣ ሲፋቅ ግን ብናኙ ሳንባ ይገባል፣ ጠጋኙም ተጎጂ ነው። ማሰሪያውን ይቀይሩ፣ ፊቱን ይተዉት፣ ገዢም የሚፈልገው ያልተነካውን ፊት ነው።

ሶስቱ ደብሊው እንግሊዞች ለጦሩ ያዘዙት የእጅ ሰዓት ምልክት ነው፣ አስራ ሁለት የስዊስ ፋብሪካዎች ሰሩት፣ ኦሜጋ፣ ሎንጂን፣ ሲማ፣ ቨርቴክስ እያለ ይሄዳል፣ ሰብሳቢዎች ደርቲ ደዝን ይሏቸዋል። የታደለው በ1945፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ለኮማንዶ ብቻም አይደለም፣ ስለዚህ የኮማንዶ ነው ያለዎት ሰው ሊያስደስትዎት ነው። ዋጋው ግን ያለ ኮማንዶም ደህና ነው፣ ፋብሪካው ከአስራ ሁለቱ ብርቅ ከሆነው ከግራና ከሆነ ደግሞ በጣም። ጀርባውን ለሰው ከማስከፈትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት፣ እዛው ፊትዎ ይክፈተው።

ከሜክሲኮ፦ ተማሪ ነኝ፣ ብር የለኝም፣ ግን መሰብሰብ እፈልጋለሁ። በምን ልጀምር?

ባጅ አትጀምር። የኤስ ኤ ኤስ ባጅ፣ የበረሃው ቃኚ ቡድን ጊንጥ ባጅ፣ እነዚህ ትንሽና ርካሽ ስለሆኑ በማሽን እየተመቱ ዓለምን ሞልተዋል፣ አስር ገዝተህ አስሩም ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። ወረቀትና ጨርቅ ጀምር። ኤም አይ ናይን የሚባለው የእንግሊዝ ክፍል ለአብራሪዎችና ለኮማንዶዎች ከጠላት አገር የሚያመልጡበት ካርታ ሐር ላይ ያሳትም ነበር፣ አይንኮሻኮሽም፣ ውሃ አያበላሸውም፣ ጫማ ተረከዝ ውስጥ ይገባል። ካሳተሙት አንዱ ዋዲንግተን ነው፣ እንግሊዝ አገር ሞኖፖሊ ጌም አሳታሚ የነበረው። ከጦርነቱ በኋላ በትርፍ ስለተሸጠ ብዙ አለ፣ ከሌላው ኮማንዶ ዕቃ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ይቻላል፣ ለጉምሩክም መሃረብ ነው። ሐር ሲያጥር ሬዮን ላይ ሁሉ አትመዋል፣ ሬዮን ነው ብለህ አትናቀው። ብቻ አጥፈህ አታስቀምጥ፣ እጥፋቱ ላይ ነው የሚሰነጠቀው፣ ጠቅልለው፣ ፍሬም ካደረግከው ጸሐይ የማይደርስበት ግድግዳ ይሁን። ጠርዙ ላይ የስፌት ቀዳዳ ያለበት ካጋጠመህም አትፍራ፣ ጨርቅ በራሽን በነበረበት ጊዜ እንግሊዛውያን ሴቶች ሻርፕና ቀሚስ ሰፍተውበታል፣ ኦርጅናል ነው፣ ዋጋውን ግን አስቀንስበት።